የውሃ ተራና የሰርቨሩ ሰዓት

ባጃጅ ከሚሴ ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን፣ እኔ በከተማው "ኮምፒውተር የሚገባት ልጅ" ተብዬ ነበር የምታወቀው። ማዕረጉ በተግባር ሲታይ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምትጠራ፣ የሰው ሞባይል ሲቆለፍ የምትጠየቅ፣ የሠርግ ሲዲ አልከፍት ሲል የምትወቀስ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ሥራ ያገኘሁት በአንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውስጥ ነበር። ስሙን ልተወው፤ አሁን ያለም አይመስለኝም። ቢሮው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከእህል መጋዘን ጎን ሁለት ክፍል ነበር። የጨፋን ሜዳ የሚያጠጣው ውሃ በበጋ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚመዘገበው እዚያ ነበር።

የውሃ ተራ ድሮ የሚያዘው በአካል ነው። ገበሬው በማለዳ ይመጣና የውሃ አባት ከሚባሉት ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያጠጣል። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌው "አንተ ስትመጣ ፀሐይዋ ከዋርካው በላይ ነበረች፤ እሱ ሲመጣ ግን ገና ከሥሩ ነበረች" ብለው ይፈርዳሉ፤ ነገሩም ያበቃል። በኋላ ማኅበሩ ሰፋ። ከጨፋ ሮቢት በኩል ያሉ ገበሬዎች ተጨመሩበት፣ ሰዉ በዛ፣ በዋርካ መፍረድ አስቸገረ። ኮምፒውተር ይግባ ተባለ።

የገባው በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም ነበር፤ መዝጋቢው በአንዱ ኮምፒውተር ድረ ገጽ እንደሚከፍት ከፍቶ ይሞላል፣ ሰርቨር ያልነው ሌላው ዴስክቶፕ ደግሞ ይቀበለዋል። ሁለት ወጣቶች ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዘውት መጡ። አንድ ቀን ዋሉ፣ ጥብስ በሉ፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር ፎቶ ተነሱና "የቀረው ሴቲንግ ብቻ ነው" ብለውኝ ሄዱ። ሴቲንግ ብቻ! እስከ ዛሬ ሰው "ብቻ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፕሮግራሙ ራሱ የትም ብትወስደው ያው ነው፤ የሚለያየው የሚያርፍበት ቤት ነው። በየትኛው ፖርት ሰው ያስገባል? ስንት ሚሞሪ ይፈቀድለታል? ዳታቤዙ የት ነው፣ የይለፍ ቃሉስ? ሰው ሳይነካው ዝም ሲል ስንት ደቂቃ ይታገሠዋል? ይህን ሁሉ በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር መሙላት የእኔ ዕጣ ሆነ። ልጆቹ የጻፉት የሚሞሪ መጠን የእኛ ዴስክቶፕ ካለው ይበልጥ ስለነበር ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይሞታል። ምን እንደገደለው ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መጠኑን ቀነስኩለት፤ ተነሣ። እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ የሰማኝ ሰው ግን አልነበረም።

ስለ ሰዓት የሚናገርም አንድ መስመር ነበረ። ልጆቹ ባዶ ትተውት፣ ከጎኑ "ካልተሞላ ከኮምፒውተሩ ይወስዳል" የሚል ማስታወሻ ጽፈውበታል። ይውሰድ ብዬ አለፍኩት።

መዝጋቢው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ቢሆንም ስህተት አይወጣቸውም። ሌላው ሥራቸው በእኛ ሰፈር መስጊድ ሙአዚንነት፣ አዛን መጥራት ነው። የሥራ ቀን የቀኑን አዛን ሌላ ሰው ይጠራላቸዋል እንጂ የንጋቱ ሱብሂ፣ የፀሐይ መግቢያው መግሪብና የምሽቱ ዒሻ የእርሳቸው ነው፤ የአርቡን ጁምዓማ ለማንም አይለቁም። ሰፈራችን በእርሳቸው ድምፅ ነው የሚነቃው። በረመዳን ቴምሩን በእጁ ይዞ የሚጠብቀው የእርሳቸውን "አላሁ አክበር" ነው። እናቴ ሬዲዮ ሰዓት ሲናገር ስትሰማ "ኧረ ወዲያ፣ እሳቸው ይበሉ" ትል ነበር። ሬዲዮው ብዙ አሳስቷት አይደለም፤ አታውቀውማ።

እኔን "ያ ኢንተላ" ነበር የሚሉኝ፤ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። ቢሮ ስገባ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ?" ይሉኛል፣ "ነገያ" እላለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ ስለ ኮምፒውተሩ ይከሱልኛል። አንድ አርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ፕሮግራሙ አስወጥቷቸው አገኙት፤ ግማሽ የሞሉት የአንድ ገበሬ ምዝገባም ጠፍቶ ነበር።

"ምነው ያ ኢንተላ፣ ይሄ ነገርሽ ሰላት አያውቅም እንዴ?" አሉኝ።

የመታገሻውን ደቂቃ በሴቲንጉ ውስጥ አስረዘምኩት፤ ለጁምዓ ወጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ያህል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ቢያዩት ለደህንነት አይመችም ይሉ ነበር። ጁምዓ አይሰግዱማ።

መጀመሪያ ጠብ የተነሳው በምዝገባው በመጀመሪያው ቀን ነው። ገበሬው ሲመዘገብ ፕሪንተሩ ቁራጭ ወረቀት ያወጣለታል፤ ስሙ፣ ቦዩና የተመዘገበበት ሰዓት አለበት። ከጨፋ የመጡ አንድ ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ጮኹ። "እኔ በሦስት ሰዓት መጥቼ እንዴት ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ይጻፍብኛል? ከሰዓት በኋላ ከሚመጡት ጋር ልታሰልፉኝ ነው?"

"ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የእርስዎ ሦስት ለእሱ ዘጠኝ ነው። ለሁሉም ሰው እንደዚያው ነው፣ ተራዎ አይነካም" አልኳቸው።

"ፈረንጅ መቼ ነው ጨፋ ወርዶ ያጠጣው?" አሉ፤ ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀብኝ።

ተናድጄ አዲስ አበባ ደወልኩ። ልጆቹ "በሚቀጥለው ቨርዥን እናስተካክላለን" አሉኝ። የሚቀጥለው ቨርዥን እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ነው። ጥቂት ቀን እንዳለፈ ግን ጩኸቱ ቆመ፤ በወረቀቱ የሚከራከር ጠፋ። ለመዱት ብዬ እኔም ረሳሁት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። ሰርቨሩ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞተች። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ያውም በየቀኑ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰዓቱን ስቶ ራሱን ከብዙ ዓመት በፊት ያገኘዋል። በዚያ ሰዓት ገበሬ ቢመዘገብ ከሁሉም ሰው በፊት ተራ ያዘ ማለት ነው። ባትሪውን ከሚሴ አጣሁት፤ ከደሴ ለሚመላለስ ሾፌር ነገርኩ። እስኪመጣ ድረስ ለመዝጋቢው መላ ሰጠኋቸው፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊትና መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከማዕዘኗ ያለችውን ሰዓት ተጭነው ቀኑንና ሰዓቱን እንዲሞሉ አሳየኋቸው። የፈረንጁን ቀን ሁለቱንም አቆጣጠር ከያዘው የግድግዳ ካላንደር ያያሉ። ባንዴ ገባቸው። እኔ በዚያን ወራት አብዛኛውን ጊዜ የቦዮቹን ልኬት ከሚመዘግቡት ጋር ሜዳ ነበርኩ።

ሾፌሩ ባትሪውን ያመጣው የበጋው ምዝገባ ካለቀ በኋላ ነው። ቀየርኩት፣ ሰዓቱን ከሞባይሌ አይቼ ሞላሁ፣ ሰርቨሩም ከዚያ ወዲህ አልሳተም። የቀሩ ጥቂት ማስተካከያዎችን ሁለታችን መዘገብን። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የነካሁት ነገር አልነበረም።

በግንቦት ኦዲተር መጣ። ሽንኩርቱ የደረቀበት አንድ ገበሬ አቤት ብሎ ነበር። "ማልጄ ወጥቼ ሳለ ሌሎች በፊቴ ተመዝግበው አገኘኋቸው፣ ቢሮ ውስጥ በጨለማ ዘመድ ይመዘገባል" ባይ ነው። ኦዲተሩ ከሌላ ከተማ የተላከ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። "እህቴ፣ ሰው የተመዘገበበትን ሰዓት ከነቀኑ አውጪልኝ" አለኝ። ከዳታቤዙ አውጥቼ አትሜ ሰጠሁት።

በጣቱ እየተከተለ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች በቀር በየቀኑ የመጀመሪያው ሰው የተመዘገበው ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይላል፤ ይህ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ወዲያ እየተከታተሉ ይቀጥላሉ፣ ጎህ እስኪቀድ፣ ፀሐይ ወጥታ እስኪረፍድ። ገበሬው ያለው እውነት ሊሆን ነው ማለት ነው።

በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰብን። ኦዲተሩ ከአክብሮት የተነሳ በፈረንጅ አቆጣጠር አልተናገረም። ለመዝጋቢው በሚገባቸው ሰዓት ገልብጦ ነገራቸው።

"አባቴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብተው ሰው ይመዘግቡ ነበር?"

"ሌሊት? ወላሂ ሌሊት ቢሮ ገብቼ አላውቅም።"

"የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው፤ በእርስዎ የይለፍ ቃል። አንድ ቀን አይደለም፣ በጋውን ሙሉ።"

መዝጋቢው ወረቀቱን ሳይነኩ ራቅ አድርገው አዩት፤ የሚያነቡበትን መነጽር አልያዙም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንን ወረቀት ማን አወጣው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያ ወረቀቱ ልክ ነው" አሉ። "እኔም ልክ ነኝ። መሃል ያለውን አላህ ያውቀዋል።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ እንዲታገዱ ወሰነ፤ ጥፋተኛ ከተባሉ መባረር ብቻ ሳይሆን ክስም እንደሚከተል ኦዲተሩ በዚያው ረጋ ባለ ድምፁ ተናገረ። መዝጋቢው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

የማግሥቱን ሱብሂ ሌላ ድምፅ ጠራ።

እናቴ ከመኝታዋ ተነስታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። "ታመሙ እንዴ?" አለች። አላውቅም አልኳት። ቀን ገበያ ወጥታ ሁሉንም ሰምታ ተመለሰች። ሰውዬው ለኢማሙ "በሰዓት የተጠረጠረ ሰው ለሌላው ሰዓት አይናገርም። ስሜ ካልጠራ አልጠራም" ብለው ማይክሮፎኑን አስረክበዋል። ኢማሙ ለምኗቸው ነበር፣ እምቢ አሉ።

"በኮምፒውተር ወረቀት ነው አሉ የያዟቸው" አለች እናቴ። "የማን ወረቀት ነው?"

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ትሪውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ።

በበነጋው ጠዋት ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እልህ ይዞኝ ነበር። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ በሰውዬው ላይም ነው፣ በኦዲተሩ ላይም፣ በዚያ ከመጋዘን ጎን በሚያቃስተው ዴስክቶፕ ላይም። ሰውዬው ሌሊት ገብተው ከሆነ እንድናደድባቸው፣ ካልገቡ ደግሞ የዋሸውን እንዳገኝ ፈለግሁ። የሴቲንግ ፋይሉን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ያቺ ባዶ የሰዓት መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

የኮምፒውተሩ የሰዓት ቀጠና ተሳስቶ ቢሆንስ? አየሁት፤ ልክ ነው፣ በአዲስ አበባ ነው የተሞላው። ደግሞስ ቀጠናው ቢሳሳት ኖሮ ሁሉም ምዝገባ ይሳሳት ነበር። ሁሉንም ተመለከትኩ። የኋለኞቹ፣ በሚያዝያ ሁለታችን አብረን ያስገባናቸው ማስተካከያዎች፣ በቀን ነው የሚታዩት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖችም እንደዚያው፤ ሌሊት የሚሉት መሃል ያሉት ናቸው። ሌሊቱ ቀን የሆነው መቼ ነው ብዬ ድንበሩን ፈለግሁ። ባትሪውን የቀየርኩበት ቀን ነው፤ ሌሊቱ የጀመረውም ባትሪዋ በሞተችበት ሰሞን ነው።

ከባትሪው በኋላ ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከባትሪው በፊትስ? እርሳቸው ናቸው፤ በየጠዋቱ፣ እኔ ባሳየኋቸው መንገድ።

ከዚያ በጣቴ ቆጠርኩ። የእኛ ሦስት ሰዓት የኮምፒውተሩ ዘጠኝ ነው። ልዩነቱ ስድስት ነው። ሁለት ተኩል ላይ ስድስት ብደምር በፈረንጁ ስምንት ተኩል፤ የጠዋቱ የቢሮ መግቢያ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ባጃጅ አስቁሜ ወደ መስጊዱ ሄድኩ። ለምን ወደ ቤታቸው እንዳልሄድኩ እንጃ።

እዚያው ነበሩ። አዛኑን ቢተዉትም ግቢውን መጥረግ አልተዉም። ሲያዩኝ መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፉ።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ፣ እንደ ወትሮው፤ የተጣላን አይመስልም።

"ነገያ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መብራት ሲመጣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ምን አይተው ነበር የሚሞሉት?"

"በዚህ ነዋ" ብለው የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

የእጅ ሰዓታቸው አራት ሰዓት አልፏል ይላል። የእኔ ሞባይል ከአሥር አልፏል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እርሳቸው ሰዓታቸውን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የሞሉት፤ ሰርቨሩንም እንደዚያው።

"በእኛ ሰዓት ነበር የሚሞሉት ማለት ነው" አልኩ።

"ታዲያ በማን ልሙላው? ያ የጨፋ ሰውዬ የጮኸውን ረሳሽው? ወረቀቱ ላይ ያልሆነ ሰዓት እየወጣ፣ እኔ ደግሞ ከሥሩ ስሜ አለበት። ውሸት ላይ ስሜን አላኖርም ብዬ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ማን ጮኸ?"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? የተበላሸ ነገር መስተካከሉ ወሬ ነው?"

"ትላንት ወዲያ ሲጠየቁስ?"

"ሌሊት ስምንት ተኩል ነበርክ ወይ አሉኝ። አልነበርኩም። ስለ ኮምፒውተሩ ሰዓት ማን ጠየቀኝ?"

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ኦዲተሩ ለአክብሮት ብሎ ገልብጦ ባይነግራቸው፣ ወረቀቱን እንደታተመ "ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝግበዋል?" ብሎ ቢያነብላቸው ኖሮ "አዎን፣ ጠዋት በሥራ ሰዓት" ብለው ያበቃ ነበር። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳቄና ዕንባዬ አብረው መጡ። እርሳቸው ግራ ተጋብተው "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ይሉኛል፤ የታገዱት እርሳቸው ናቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን።

ለኦዲተሩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሊቀ መንበሩም ነበር። ኦዲተሩ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ወረቀቱን አጠፈ። "ጥሩ ታሪክ ነው" አለ። "ግን እህቴ፣ ሁለታችሁ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናችሁ። ሰዓቱን እንዲያ እንደሞሉ የሚያሳይ ነገር የለሽም። ቃል ብቻ ነው ያለሽ።"

በዚህስ ተናደድኩ። ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩና ዘርግቼ አርቦቹን ብቻ በእስኪርቢቶ አሰመርኩባቸው። አርብ አርብ ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ድረስ አንድም የተመዘገበ ሰው የለም፤ አንድ አርብ እንኳ አልተዛነፈም። በሌሎቹ ቀኖች ግን በዚያ ሰዓት ሰው ይመዘገባል፤ ባዶው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

"ይህ ጁምዓ ነው" አልኩት። "በሌሊት ጁምዓ የለም።"

ኦዲተሩ አሰብ አደረገ። "በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ከሄድን ይህ ሰዓት ንጋት ነው። በንጋትም ትሰግዱ የለም እንዴ? ለዚያ ወጥተው ሊሆን ይችላል።"

"ሱብሂ በየቀኑ ነው፤ አርብ ብቻ አይደለም" አልኩ። ከዚያ ጣቴን ከአንዱ አርብ አንድ መስመር ወደ ላይ አነሳሁና ሐሙሱን አሳየሁት። "ይኸው ሐሙስ። ወረቀቱ በእውነት ሌሊት የሚል ከሆነ፣ በሱብሂ ሰዓት እዚህ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው አከታትለው መዝግበዋል ማለት ነው። ረቡዕም እንደዚሁ። ማክሰኞም። በጋውን ሁሉ።"

ሊቀ መንበሩ ቤቱ ከመስጊዱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ደጋግሞ አየው።

"ታዲያ በጋውን ሁሉ እኔን ለሱብሂ የቀሰቀሰኝ ማነው?" አለ።

ኦዲተሩ እስኪርቢቶውን ዘጋ።

ለመዝጋቢው ሰው ላክን። ሲገቡ ኦዲተሩ ከወንበሩ ተነስቶ "አባቴ፣ ተሳስተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ በአገራችን ወግ ጎንበስ ብሎ "አፉ በሉን" አላቸው።

"አፉ ብያለሁ" አሉ፣ ከልባቸው ይመስለኛል። ቁልፉን ግን አላነሱም። "እናንተ እዚህ ክፍል ውስጥ አውቃችሁታል፣ አልሐምዱሊላህ። ሰፈሩስ? ሰፈሩ ሌሊት ሌሊት ሲሰርቅ ነበር ብሎ ነው የሚያውቀኝ። በምን አፌ ተነሡ እለዋለሁ?"

ስለዚህ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ሊቀ መንበሩ ተነስቶ ሊናገር ተስማማ። ተናገረም። እኔ በሴቶቹ በኩል ሆኜ ሰማሁት። ስለ ባትሪ፣ ስለ ሰርቨር ሊያስረዳ ሞክሮ ተደነባበረ፤ ኋላ ሲያቅተው ትቶት "ባጭሩ ሰውዬው ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው" አለ። ሽንኩርቱ የደረቀበት ገበሬም እዚያው ነበረ። እንደታየው እርሱ በእርግጥ ዘግይቶ ነበር የተመዘገበው፤ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሄዶ ትከሻቸውን ሳማቸው። እናቴ ከጎኔ ሆና በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ከሰሞኑ ዝምታዋ በኋላ ያ ለእኔ ብዙ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ የአዲስ አበባዎቹን ልጆች መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ያቺን ባዶ የሰዓት መስመር በአዲስ አበባ ሰዓት ሞላኋት። የኮምፒውተሩን ሰዓት ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ዘጋሁት። ከዚያ ፕሪንተሩ የሚያወጣውን ገጽ ፈልጌ አገኘሁና፣ ውስጥ ያለው ሰዓት እንዳለ ሆኖ፣ ለገበሬው የሚታተመው ስድስት ሰዓት ተቀንሶለት፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚል ቃል ተጨምሮበት እንዲወጣ አደረግኩ። ገጹ ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ፣ ሦስት ጊዜ ልጆቹን ረገምኩ። መዝጋቢው ከጎኔ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። የሙከራዋ ወረቀት ስትወጣ ከእጅ ሰዓታቸው ጎን ይዘው አስተያዩዋት።

"አሁን ተስማማን" አሉ። ቁልፉን ከሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ አንስተው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

እኔ ሰርቨሩን አጥፍቼ እንደገና ላስነሳው ቀረሁ። ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ጣሪያ ወርዳለች፣ መንገዱ ላይ ሚኒባሶች የመጨረሻውን የጨፋ ሮቢት ተሳፋሪ ይጣራሉ። ፕሮግራሙ ተነሣ። ሰዓቱን ለመጨረሻ ጊዜ ላረጋግጥ ማዕዘኗ ላይ ተጭኜ ሳለሁ የመስጊዱ ማይክሮፎን ኮሽ አለ። ጉሮሮ ሲጠራ ተሰማ፣ ከዚያም የእርሳቸው ድምፅ ለመግሪብ ተነሣ። መንገድ ላይ የነበረ አንድ ሰው "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት፤ እኔም አልኩ።

ከካላንደሩ ጎን እርሳቸው የለጠፉትን የሰላት ሰዓት ሰሌዳ አየሁ፣ ወደ ስክሪኑም ዞርኩ። እንደ ሰርቨሩ ከሆነ መግሪብ ሊገባ ገና ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። የሰርቨሩን ሰዓት አስተካከልኩ።